ነፍስ ይማር ያልተባለላቸው

ይስማው ያን ቅዳሜ ከቪዲዮ ቤቱ የወጣው እኔ ያን ቃል ከመናገሬ በፊት ነው ወይስ ከተናገርኩ በኋላ? ይህን ጥያቄ ስመላለስበት ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ። መልሱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቷል።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። የጡረታ ደብተሬ ላይ «የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ» ይላል። ሐሰት አይደለም። የመጨረሻዎቹን አሥራ ስድስት ዓመታት ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ሳውስ፣ ጀርባቸው የተገነጠለውን ስሰፋ፣ ያልመለሱትን ልጆች በየክፍሉ ስፈልግ ኖሬአለሁ። ከዚያ በፊት የሠራሁት ግን በማንም ደብተር አልተጻፈም። ለዘጠኝ ዓመት የካራቴ ፊልም አስተርጓሚ ነበርኩ። መጀመሪያ ቡሬ፣ ቀጥሎ ፍኖተ ሰላም፣ አንዳንዴም ቴሌቪዥንና ጄኔሬተር ጭነን ዱርቤቴና አዴት በገበያ ቀን።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ኅዳር ወደ ቡሬ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ነው። በስልኩ ፊልም ያያል። ድሮ የማውቀው ዓይነት ነው፤ አንድ ቀጭን ሰው ሸንበቆ ጫፍ ላይ ቆሞ ይዋጋል፣ ሸንበቆው ግን አይጎብጥም። የተቀዳ የአማርኛ ድምፅ አለው። ድምፁ አፍታ አያርፍም። «አንገቱን ቀነጠሰለት!» ይላል፤ «እንካ ምሳህን!» ይላል፤ ምቱ ገና ሳያርፍ ይስቃል። ወጣቱም አብሮት ይስቃል። እኔ የሚወድቁትን ስቆጥር ነበር። ማንኩሳ እስክንደርስ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ።

መቁጠሩን ያስለመዱኝ ጋሼ አንለይ ናቸው።

የተወለድኩት ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ተዳርኩ፣ በአሥራ ስድስቴ ፈትቼ ወጣሁ። አንደኛ ክፍል የገባሁት ያኔ ነው። ዴስኩ ጉልበቴን አያስገባም ነበር። ልጆቹ «እማማ» ይሉኝ ነበር፤ መምህሩም አብሮ ይስቅ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ ነጥቤም የትም አላደረሰኝም። በእጄ የቀረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሽፋን የሌለው መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሰው ምን ትሠሪበታለሽ ይለኝ ነበር።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ቡሬ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ተቀጠርኩ፤ ለመጥረግና በር ላይ ቲኬት ለመቁረጥ። ደመወዙ ለራት ይበቃል፣ ለምሳ አይበቃም። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ወንበር ያለው ነው። ሰው ሁሉንም ፊልም «ካራቴ» ነው የሚለው፤ በጎራዴ የሚዋጉትንም፣ በአየር የሚበሩትንም፣ ሰክረው የሚማቱትንም። ንግግራቸው ማንም የማያውቀው የሩቅ ምሥራቅ ቋንቋ ነው። ከታች የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበቡ በማይክ ወደ አማርኛ የሚመልሱት ጋሼ አንለይ ነበሩ። የተበተነው ሠራዊት ወታደር ናቸው። አንድ እግራቸው ውስጥ ብረት ቀርቷል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሰማዩ በፊት እሳቸው ያውቃሉ። እንግሊዝኛውን የተማሩት በጦር ማሠልጠኛ ነው።

አንድ ቀን ሰው ከወጣ በኋላ እየጠረግሁ ደፈርኳቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ሽማግሌ ለተማሪው ‹ሦስት ዓመት ግቢውን ጥረግ› ነው ያለው። እርስዎ ‹ሦስት ወር› አሉ።»

ማይኩን በጨርቅ ይጠቀልሉ ነበር። ቀና አሉ።

«አንቺ ታነቢያለሽ?»

«አነባለሁ።»

«በዚያ ፍጥነት?»

«አንዳንዴ ያመልጠኛል።»

«እኔንም ያመልጠኛል። ልዩነታችን እኔ ማይክ መያዜ ነው። ነገ በጠዋት ነይ። መጥረጊያውን ተይው።»

እንዲህ ሆኖ ነው የገባሁበት። ሥራው ቀልድ የሚመስለው ሰው አለ፤ አልነበረም። ጋሼ አንለይ ያላዩትን ፊልም አስተርጉመው አያውቁም። ከሰዓት ለሚታየው ጠዋት ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ካሴቱን እያቆሙ እያንዳንዱን መስመር በደብተር ይጽፋሉ፤ በግራ የተባለውን፣ በቀኝ የሚሉትን። ጽሑፉ ነጭ ስለሆነ ነጭ የለበሰ ሰው ሲመጣ አይነበብም፤ በረዶ ላይ ከተዋጉማ አለቀ። ያን ጊዜ ከፊቱና ከኋላው ተነሥተው ይገምታሉ፤ የገመቱትን ከሥሩ ያሰምሩበታል። ማይክ ከመያዛቸው በፊት ጫማቸውን ያወልቃሉ። ለብ ያለ ውኃ በቁንጥጫ ጨው ይጠጣሉ። ለመምህሩ ድምፅ ከሆዳቸው፣ ለጠላቱ ከአፍንጫቸው ያወጣሉ፤ ለሴቷ ድምፅ ግን አያቀጥኑም፣ ቀስ ይላሉ እንጂ።

«ምቱን ልቀቂለት» ይሉኝ ነበር። «ሰውየው ሲመታ አንቺ ዝም በይ። የመጣው ያንን ሊሰማ ነው እንጂ አንቺን ሊሰማ አይደለም። ካረፈ በኋላ ግቢ።»

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። ፊልሙ ላይ ሰው በሞተ ቁጥር በራሳቸው ድምፅ «ነፍስ ይማር» ይሉ ነበር። አክተሩ ቢሞትም፣ ጠላቱ ቢሞትም፣ ስም የሌለው አሽከር ከሰገነት ቢወድቅም። ካራቴ ደግሞ ሟች አያልቅበትም። አንድ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ሾርባውን ሳይጨርስ ሃያ ሰው ይጥላል። ሲፈጥንባቸው አንድ ላይ ያደርጉታል፤ «ለአራቱም ነፍስ ይማር።» ተመልካቹ ለምዶት ነበር። እንዲያውም ከወንበር ላይ ይቆጣጠራቸዋል።

«ጋሼ፣ ያኛውን ረሱት! ከበርሜሉ ኋላ የወደቀውን!»

«ነፍስ ይማር» ይላሉ፣ ሳይስቁ።

አንድ ቀን ደግሞ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ፣ ሁለት ወገን ሜዳ ላይ ሲፋጅ አይተው አይተው፣ «ለመሆኑ የዚህ አገር ሽማግሌ የት ሄዶ ነው?» ብለው ጮኹ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ አንለይ በማይኩ፣ «አባባ፣ ሽማግሌ ከገባማ ፊልሙ በአምስት ደቂቃ ያልቅብናል» አሏቸው።

ነፍስ ይማሩ ለምን እንደሆነ ጠይቄአቸዋለሁ። «ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ» አሉኝ። «እንደነዚህ ተነሥቶ አቧራውን አያራግፍም። ከግንባር ስንወጣ ጥለናቸው የመጣናቸው አሉ፤ አፈር ያለበሳቸው የለም፣ ነፍስ ይማር ያላቸው የለም። ለእነሱ ያላልኩትን ነው የምለው።» ከዚያ ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። ሁለተኛ አላነሣሁባቸውም።

እውነቱን ልናገርና እኔ እነዚያን ፊልሞች እወዳቸው ነበር። ተማርኩ የሚል ሰው ይንቃቸዋል፤ እኔ አልንቅም። በእጁ ምንም ያልያዘ ትንሽ ሰው ባለ ጎራዴውን ሲያሸንፍ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ገበሬ እንዴት ከወንበሩ እንደሚነሣ አይቻለሁ። ያ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ሁሉ፣ ማኅተም ከያዘ ሁሉ ፊት ቆሞ የኖረ ነው። እኔን የሚይዘኝ ደግሞ ትምህርቱ ነበር። አንድ ያደገ ሰው፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ሁሉም የሚስቅበት፣ ተራራ ወጥቶ «አስተምሩኝ» ይላል። ውኃ ያስቀዱታል፣ ግቢ ያስጠርጉታል፣ ይደበድቡታል። ሦስት ዓመት። ከዚያ አንድ ቀን እጁ ሳያስበው ይሠራል። እዚያ ቦታ ስደርስ ድምፄ እንዳይሰበር ጥርሴን እነክስ ነበር።

ጉድለታቸውንም አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት በእርሳስ ስከተላቸው ኖሬአለሁ። ሃያ ሰው አንዱን ከብቦ ተራ ይጠብቃል። የምግብ ቤቱ ሸክላ ሁሉ ይደቅቃል፣ ባለቤቱ ግን በማግሥቱ አይታይም። አጥንት የተሰበረ ሰው በሚቀጥለው ስዕል ይሮጣል። ይህ ሁሉ ይሁን፤ ተረት ነው፣ ተረት ደግሞ መብቱ ነው። ይቅር የማልለው አንድ ነገር ነው፤ ቀብር የላቸውም። ጠላቱ ሲወድቅ ስዕሉ ቀጥ ይላል፣ ከበሮ ይመታል፣ መብራት ይበራል። የወደቀውን ማን እንዳነሣው፣ ማን እንዳለቀሰለት አይታይም። ጋሼ አንለይ ያን ክፍተት ነበር በሁለት ቃል የሚደፍኑት። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሁሉ ነገር የሚገባኝ ዘግይቶ ነው።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ቤት ሲከፍት እኔን ላከኝ። ፈቃዱና ማኅተሙ ወራት ፈጀ፤ እሱን ልለፈው። ሴት ስለሆንኩ በቴሌቪዥኑ ጎን መጋረጃ ተጋረደልኝ፤ የወንድ ድምፅ ከሴት አፍ ሲወጣ ካዩ ይስቃሉ ብሎ ነው። ስክሪኑን በጎን አየዋለሁ፤ ተመልካቹን ግን አላይም። መጋረጃው መሬት ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ይቀረዋል። በዚያ በኩል የፊተኛዎቹ ሁለት ወንበሮች እግር ይታየኛል። ሰውን በጫማው ማወቅ የለመድኩት እዚያ ነው። ሸራ ጫማ የተማሪ ነው፤ ጭቃ የደረቀበት ኮንጎ የገጠር ሰው። ሲሰለቻቸው እግራቸው ይናገራል።

ነፍስ ይማሩን የተውኩት በሦስተኛው ወር ነው። ተማሪዎቹ ያሽሟጥጡ ጀመር፤ አንዱ ሲወድቅ እነሱ ቀድመው «ነፍስ ይማ-ማ-ማር» ይላሉ። ባለቤቱ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቪዲዮ ቤቱን ልቅሶ ቤት አደረግሽብኝ።»

«ጋሼ አንለይ ያስተማሩኝ ነው።»

«እሳቸው ያርጁበት። ፊልሙ ላይ አለ? የለም። የሌለውን ለምን ትጨምሪያለሽ?»

ይህችኛዋ ነገር ልቤ ገባች። ልክ ነው፣ የለም። እኔ ደግሞ አንድ ቃል ሳይተርፍ ሳይጎድል ማለት የምወድ ሴት ነኝ። ለማፈሬ ጥሩ ምክንያት አገኘሁለትና ተውኩት። ማንም ልብ አላለውም።

ጋሼ አንለይ በዚያው ክረምት በሳንባ ታመሙ። ቡሬ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ድምፃቸው ተሟጦ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቷል።

«ትያለሽ?» አሉኝ።

ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩም። «እላለሁ፣ ጋሼ።»

«ጎሽ።»

መስከረም ሳይጠባ ሞቱ። ደብተሮቻቸውን ለኔ ተዉልኝ፤ አሁንም አሉ።

አሁን ወደ ይስማው ልምጣ።

ይስማው የማንኩሳ አካባቢ ገበሬ ነው፤ ሃያ ዓመት የሞላው፣ ረጅም፣ ሲናገር መሬት የሚያይ። ቤተሰቡን አውቃለሁ፤ ቤታቸው ከኛ ቤት ወንዝ ተሻግሮ ነው። ልጅ ሳለ አባቱን አቶ በላቸው የሚባል ጎረቤት በእርሻ ድንበር ተጣልቶ በዱላ ገደለው። አቶ በላቸው ተፈረደበት፣ ዓመታት ታስሮ ወጣ። ከወጣ በኋላ ሽማግሌ መሃል ገባ። ሁለት ዓመት ተመላልሰው፣ ካሳው ተቆርጦ፣ በአንድ እሑድ አቶ በላቸው ድንጋይ ተሸክሞ በካህናቱ ፊት በይስማው እግር ላይ እንዲወድቅ፣ ይስማውም እንዲያነሣው ተስማሙ። አገሩ ሁሉ ያችን እሑድ ይጠብቅ ነበር።

በዋዜማው ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ካሴት መጥቶልኝ እጽፍ ነበር። ታሪኩ የታወቀ ነው፤ አባቱን የገደሉበት ልጅ አድጎ፣ ጥበቡን ተምሮ፣ ገዳዩን ይፈልጋል። ገዳዩ አርጅቷል። በመጨረሻው ልጁ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሽማግሌው «ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ?» ይለዋል። ልጁ የሚመልሰው አንድ መስመር ነው፤ ልጅ ነበርኩ፣ አሁን አይደለሁም። በእንግሊዝኛው ያምራል። በአማርኛ ግን ወደቀብኝ፤ መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ሰው መሰለ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ከዚያ ድንገት መጣልኝ።

የይስማው አባት የተቀበረ ቀን እዚያ ነበርኩ። አልቃሿ ሕፃኑን በአባቱ ልብስ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጣ እንዲህ ብላለች፦

ትንሽ ነው አትበሉት፣ ልጁ ቁጭ ብሏል፤
ቀን ያሳድገዋል፣ ደሙን ይቆጥራል።

ልኩ ነበር። በቀኝ በኩል ጻፍኩት፤ «ትንሽ ነው አላችሁ፤ ቁጭ ብዬ ነበር። ቀን አሳደገኝ፤ ደሜን ቆጠርኩ።» ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከንፈሩ ሲዘጋ የኔም ቃል ያልቃል። በሥራዬ ዘመን እንደዚያ የረካሁበት መስመር የለም። የማን ሙሾ እንደሆነ አልረሳሁም፤ ረስቼው ነበር ማለት ብችል ደስ ባለኝ። ግን ለኔ በዚያ ሰዓት ቃል ብቻ ነበር፤ ጥሩ ቃል።

ከዚያ ገበያ ወጣሁ። ይስማውን ጨርቅ ተራ አገኘሁት። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዟል።

«እትዬ ትጓደድ፣ ዛሬ ምን አለ?»

«አዲስ ነው። አባቱን የገደሉበት ልጅ ነው።»

ሳቀ። «እነዚህ ሰዎች አባታቸው ካልሞተ ፊልም አይሠሩም እንዴ?»

«አይሠሩም።»

«የኛው ነገ ማለቁ ነው። ይኸው ጋቢ ገዛሁ። እናቴ ‹በአሮጌ ልብስ እርቅ አይወርድም፣ አዲስ ልበስ› ብትለኝ።»

«እግዚአብሔር ይፈጽምላችሁ።»

«አሜን። ቁጭ ብዬ አይቼ እሄዳለሁ።» ወዲያው ደግሞ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ልቤ ግን ገና አልተኛም፣ እትዬ» አለኝ። እኔም ይተኛል አልኩት። እንደዚያ ያለ ነገር ነው ያልኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ውኃዬን ጠጣሁ። ፊልሙ ሲጀምር ከመጋረጃው ሥር የይስማውን ጫማ አየሁ፤ ከጎማ የተሠራ በረባሶ፣ የቀኙ ማሰሪያ በቢጫ ሲባጎ የተጠገነ። ከፊተኛው ወንበር፣ ከግራ ሁለተኛው። ወረቀቱን እግሩ ሥር አስቀምጦታል።

እንግዲህ ይህ ነው። ጫማውን ካየሁበት ጊዜ እስከዚያ መስመር ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ነበር። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ፣ እርሳሱ በእጄ ነበር። አንድ ጊዜ ገጹን ገልጬ አየሁት። ልሰርዘው አሰብኩ። ከዚያ የተሰረዙትን አራት ደካማ መስመሮች አየሁና፣ በነሱ መመለስ አሳፈረኝ። ነፍስ ይማርን «ፊልሙ ላይ የለም» ብዬ የተውኩ ሴት፣ ፊልሙ ላይ የሌለውን የልቅሶ ቃል አስቀረሁ። ስላማረኝ።

ልጁ በሩን ከፈተ። ሽማግሌው ጠየቀው። እኔም ተናገርኩ።

እንዲህ ያለ ጩኸት በዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም። አንዱ ፉከራ ጀመረ፣ ሌላው «በለው!» ይላል፣ እግር ሁሉ መሬቱን ይደልቃል፤ አቧራው በመጋረጃው ሥር ገባብኝ። የሽማግሌው መልስ ወዲያው ስለሚመጣ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። ከዚያ ተማቱ፣ ዝም አልኩ። ሽማግሌው ወደቀ፤ ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ከበሮው ተመታ። መብራት በራ።

ወደ ታች ሳይ በረባሶው የለም። በወረቀት የተጠቀለለው ጋቢ መሬት ላይ ነበር፤ ሰው ረግጦታል።

አቶ በላቸው በዚያው ቀን ጨው ገዝቶ ወደ አገሩ በእግሩ ይመለስ ነበር። ማንኩሳ ሳይደርስ ይስማው ደረሰበት። ያዩት ሰዎች እንዳሉት በዱላ የመታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አልተነሣም።

ችሎት ላይ ነገ ልትታረቅ ዛሬ ለምን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ይስማው «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ አሉኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ይህን የነገረኝ ሰው ለወሬ ያህል ነው የነገረኝ፤ እኔ ግን እስከ ማታ የውኃ ማድጋዬን ይዤ በቆምኩበት ቀረሁ። ቀን። የኔ ቃል ናት? ወይስ ቀን የሚለውን ቃል ሰው ሁሉ ይለዋል? በልጅነቱ በርጩማው ላይ ሆኖ ከሰማው ቀርቶት ነው? ወይስ ገና ፊልሙ ሳያልቅ፣ እኔ ሳልናገር፣ አቶ በላቸው በበሩ ሲያልፍ አይቶት ተነሥቶ ነው? ፖሊስ ባለቤቱን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ጠላ ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀው። እኔን የጠየቀኝ የለም። መጋረጃ ኋላ ያለችን ሴት ማን ይጠይቃል።

ሁለት ጊዜ ዳቦ ይዤ ማረሚያ ቤት በር ድረስ ሄጃለሁ። ሰልፉ ላይ ቆሜ ተራዬ ሲደርስ ዳቦውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ተመለስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ታሞ መሞቱን ነገሩኝ።

ሥራዬን በጸጸት ተውኩ ብዬ ብጽፍ ያምር ነበር። አልተውኩም። አራት ዓመት አስተረጎምኩ። ነፍስ ይማርን መለስኩት፤ ሳቁ፤ ባለቤቱ ተቆጣ፤ አንድ ወር ቆይቼ ደግሜ ተውኩት። የተወኝ ሥራው ራሱ ነው። ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ የተቀዳ ትርጉም መጣ፣ ቀጥሎ ዲሽ። መጋረጃው ለባለቤቱ ሚስት የዱቄት መሸፈኛ ሆነ።

ሚኒባሱ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ረዳቱ «ማንኩሳ ወራጅ» አለ። ሒሳቤ እስከ ቡሬ ነበር። ወረድኩ።

እትዬ ዘውዴ፣ የአቶ በላቸው ሚስት፣ ከመንገዱ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ናቸው። ግቢያቸው በርበሬ ተሰጥቶበታል። ቁጭ ብለው ዘንጉን እየቀነጠሱ ቁና ውስጥ ይጥላሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ትጓደድ ነኝ። ከወንዙ ማዶ።»

«ቪዲዮ ቤት የነበርሽው?»

«አዎ።»

«ቁጭ በይ። እጅሽ ከነካ ዓይንሽን እንዳትነኪ።»

ተቀምጬ እየቀነጠስኩ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ሙሾውን፣ በረባሶውን፣ እርሳሱን። ከሰው ጋር ይህን ያህል የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ያለ ማይክ ማለቴ ነው። እሳቸው እጃቸው አላቋረጠም። ስጨርስ ቁናውን ጭናቸው ላይ አነሡ።

«ለምን አሁን መጣሽ? ይቅር እንድልሽ ነው?»

«እንጃ፣ እትዬ።»

«እኔም እንጃ። የኔ ባል የዚያን ልጅ አባት ሲገድል ፊልም አልነበረም። መብራትም አልነበረም።»

መልስ አይደለም፤ አላሳረፈኝም። ሊያሳርፉኝም ብለው የተናገሩት አልመሰለኝም። አንድ በርበሬ አነሡ፣ ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩት፣ ነቀዝ ስላለበት ጣሉት።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ። «እንዴት ያለ ፊልም ነው?»

ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው፣ ሳልዘል። ልጁ ተራራ ሲወጣ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ሲጠርግ። ምቱ ጋ ስደርስ ዝም እያልኩ፣ ካረፈ በኋላ እየገባሁ። በሩን ከፈተ። ሽማግሌው ጠየቀው። ያችን መስመር እንዳለች፣ ልጅ ነበርኩ፣ አሁን አይደለሁም አልኩ። ተማቱ። ወደቀ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አለቀ።»

«ማን አነሣው?»

«አላሳዩም።»

«ሚስት የለችውም እንዴ?»

«አላሳዩዋትም፣ እትዬ።»

ቁናውን ከጭናቸው አወረዱ። የቀላ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ነፍስ ይማር» አሉ።